የወንጌል ምሳሌ ከግድግዳ ሥዕል እስከ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በገሊላ ባሕር ዳርቻ ሕዝቡን ሲያስተምር ረቂቁን ነገር በሚታየው ነገር እየመሰለ ነበር። ለገበሬው በዘር፥ ለዓሣ አጥማጁ በመረብ፥ ለእረኛው በጠፋች በግ፥ ሊጥ ለምታቦካው ሴት በእርሾ መሰለላቸው። ሰው በጆሮው የሰማው በዐይኑ ካየው ጋር ሲገጥምለት ነገሩ በልቡ ይጸናልና። ስለዚህ ምሳሌ ማለት በቃል የተሣለ ሥዕል ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በጣና ዳርቻ ለሚኖር ክርስቲያን እነዚህ ምሳሌዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደሉም። ገበሬው በሜዳው ላይ ዘሩን ሲበትን ከመንገድ ዳር የወደቀውን ወፍ ሲለቅመው፥ በጭንጫ ላይ የበቀለው ፀሐይ ሲመታው ሲጠወልግ፥ ከእሾህ መካከል የወጣውም ታንቆ ሲቀር በየዓመቱ ያየዋል። እንክርዳዱ ከስንዴው ጋር አብሮ ሲበቅል እስኪያሸት ድረስ እንደማይለይ፥ ሳይለቀም ተፈጭቶ ከተጋገረም የበላውን ሰው ራስ እንደሚያዞር የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። የጣናም ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ሆኖ መረቡን በጎተተ ጊዜ ቀረሶውም አምባዛውም አንድነት ይወጣሉ፤ ቀረሶው ቅርፊት አለው፥ አምባዛው ግን የለውም፤ በኦሪትም ሕግ ቅርፊት የሌለው አይበላም። እንግዲህ የመረቡን ምሳሌ ለእንዲህ ያለ ሰው ማስረዳት ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ዛሬ ግን የዘመኑ ልጅ የዘሪውን ምሳሌ ከካህኑ አፍ ከመስማቱ አስቀድሞ በእጅ ስልክ መስታወት ላይ ያየዋል። አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ የሚፈጁ አጫጭር ፊልሞች የወንጌልን ምሳሌ እየያዙ በየክርስቲያን ማኅበሩ፥ በየሰንበት ትምህርት ቤቱም በነጭ መጋረጃ ላይ እየታዩ የትምህርት መሣሪያ ሆነዋል። ከአባቶች አንዳንዶቹ ይህን እንደ በረከት ይቀበሉታል፤ ሌሎቹም እንደ ፈተና ይሸሹታል። ለሁለቱም ወገን ምክንያት አላቸው። ዳሩ ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት የቀደሙት አባቶች ለዐይን እንግዳ የሆነ ነገር ከባሕር ማዶ በመጣባቸው ጊዜ እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሉት መመርመር ይገባል። ነገሩ በዚህ አገር የመጀመሪያ አይደለምና።

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፥ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ጥንታዊት ስፍራ ናት። በላይዋ ባለው ኮረብታ ላይ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ እንደ ታነጸ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብ ባሕሩን ቍልቍል እያየ ቆሟል። ጎንደር ከመቈርቈሯ በፊት ነገሥታቱ በጣና ዙሪያ ይከርሙ ስለ ነበር፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር፥ ሰውም ቢሆን መጽሐፍም ቢሆን፥ በዚህ አገር በኩል ሳያልፍ አልቀረም። ስለዚህ የሥዕልን ታሪክ ለመመርመር ከጣና ዳርቻ የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቃልን ከሥዕል ጋር ማስማማት የጀመረችው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች የወንጌላውያኑን መልክ በቀለም አስጊጠው የያዙ፥ በዓለም ላይ ካሉት በሥዕል ያጌጡ ወንጌሎች ሁሉ ከቀደሙት የሚቈጠሩ ናቸው። ከብዙ ዘመን በኋላም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል በአብያተ ክርስቲያናት እንዲከበር አጸኑ። በእርሳቸው ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል በጣና ባሕር ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ለዛሬው ጥያቄ ትልቅ ትምህርት አለው። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው፥ በአገራችን መርቆሬዎስ የተባለ፥ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዘመን በሠዓሊነት ኖረ። ይህም ሰው በአገሩ ልማድ እመቤታችንን ልጅዋን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። በዚህ አገር ግን ቀኝ የክብር፥ ግራ የውርደት ምልክት ነውና ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ተቈጣ፤ ጌታን አዋረደብን ብሎም ብዙ ክርክር አነሣ ይባላል። ሕዝቡ በመቈጣቱ አይነቀፍም፤ ሥዕል የሚናገረው በአገሩ ልማድ ነውና። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው የሥዕለ ማርያም ዓይነት ጌታን በግራ ክንድ የታቀፈው ነው። ሊቃውንቱም ሥዕሉን ከመጣል ይልቅ መልካም ትርጓሜ ሰጡት። እንግዳው ሥዕል ቤተኛ የሆነው ቀለሙ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚያብራራ መምህር ስለ ተገኘ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ካህናት በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ተቀምጠው ነበር። እነርሱም በማተሚያ የታተሙ ሥዕሎችን ይዘው መጡ። ከእነዚህ አንዱ ጀሮኒሞ ናዳል ያዘጋጀው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1593 በአንትዌርፕ ከተማ የታተመው መጽሐፍ ነው፤ የወንጌልን ታሪክ በ153 ሥዕሎች ይዟል፤ የጠፋው ልጅና የባለጸጋው ታሪክም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ በየሰዉና በየስፍራው አጠገብ ፊደል ተጽፎ፥ የዚያ ፊደል ማብራሪያ ከሥዕሉ በታች ተቀምጧል። ሌላው ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ነው፤ ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶንዮ ቴምፔስታ የሚባል ሠዓሊ ነው።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ስለዚህም ነገር በአገሪቱ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ግን ሃይማኖቱን ወደ ጥንቱ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ሰዎቹ ወጡ፤ ሥዕሎቹ ግን ቀሩ። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን የሮሙን የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች እያዩ በብራና ላይ ሣሉ። ነገር ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ ጥላውንና የሩቁን ኮረብታ ትተው፥ ልብሱን ወደ አገር ልብስ መልሰው፥ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞሩት። የተጣሉትን ሰዎች ትምህርት ሳይቀበሉ የሥራቸውን መሣሪያ ለራሳቸው ትምህርት አዋሉት። እንዲህ ያለውን ነገር ለማድረግ በሃይማኖት ጽኑ፥ በአእምሮም ሰፊ መሆን ያስፈልጋል።

በጎንደር አድባራትና በጣና ገዳማት ያለው የግድግዳ ሥዕል የዚህ ጥበብ ፍሬ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፥ በዘጌም ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለዚህ ምስክር ናቸው። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱ በአራት ማዕዘን ግድግዳ ይታጠራል፤ በአራቱም ገጽ ላይ ሥዕል ተሥሏል። ምእመኑ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየዞረ ታሪኩን ይከተላል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከሚሣሉት ምሳሌዎች የነዌና የአልዓዛር ታሪክ አንዱ ነው። በአንድ ወገን ባለጸጋው ነዌ በማዕዱ ተቀምጦ ሲበላ ይታያል፤ በደጁ አልዓዛር ተኝቶ ውሾች ቍስሉን ይልሱታል፤ ከዚያም አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ፥ ነዌ በእሳት ውስጥ ይታያሉ። ሦስት ዘመን በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰድሯል። እንግዲህ በጣና ዳርቻ ሥዕሉ ይቆማል፥ ሰውየው ይሄዳል፤ በፊልም ደግሞ ሰውየው ይቀመጣል፥ ሥዕሉ ይሄዳል። ልዩነቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሠዓልያኑ ፊደል ለማያውቀው ሰው የሚሆን ሌላ ፊደል ነበራቸው። ጻድቅ ሰው በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዐይን ይሣላል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ወደ ግድግዳው አንድ ጊዜ ተመልክቶ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ያውቃል። የቀረውን ደግሞ መምህሩ በመቋሚያው እያመለከተ፥ ምሥጢሩን እያመሰጠረ ይነግረዋል።

በአውሮፓ አቈጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ሉሚዬር የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ፈረንሳውያን በፓሪስ ከተማ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ለሕዝብ በገንዘብ አሳዩ። ይህ ዕለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣቸው የቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚከበርበት ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ከ64 ቀን በኋላ የዐድዋ ድል ሆነ። ፊልም ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላው አውሮፓውያንና አሜሪካውያን የጌታን ሕማማት በዚሁ መሣሪያ ያሳዩ ጀመር። ከታሪኮች ሁሉ አስቀድመው ከመረጧቸው አንዱ የወንጌል ታሪክ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይህ ጥበብ ወደ አዲስ አበባ ደረሰ። በጨለማ ቤት ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ሲሄድና ሲሮጥ ማየት ለአገሬው እንግዳ ነበርና ሕዝቡ ሲኒማውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ዛሬ ለብዙ ሰው ሣቅ ይሆናል። ነገር ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በግራ ክንድ የታቀፈውን ሥዕል አይተው የተቈጡት የእነርሱ አባቶች ናቸው። ሁለቱም ያስተዋሉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መምህር ያልቆመበት ሥዕል የሚመልስለትን ካላገኘ ሰውን ወደ ፈቀደው ይወስደዋል።

በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ፤ ቴሌቪዥንም በአገራችን የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ በውጭ አገር ምሳሌን በፊልም ለማስተማር የተደረገ አንድ ሥራ ብዙ አነጋግሮ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ሮልፍ ፎርስበርግ የሠራውን «ምሳሌ» የሚባል የ22 ደቂቃ ፊልም አሳዩ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ቃል አይነገርም። ፊቱን ነጭ የተቀባ የሰርከስ አጫዋች የሌሎችን ሸክም እየተቀበለ፥ በእነርሱም ፈንታ መከራ ሲቀበል ይታያል። ብዙ ሰዎች ጌታ በአጫዋች መመሰሉ ስድብ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ ልባቸው ተነካ። በ1979 ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም ወጥቶ ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል፤ አማርኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ መቅረጫውም ማሳያውም በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ስለ ተጠቃለለ፥ ድሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ይጠይቅ የነበረው ሥራ በአንድ ደብር ወጣቶች እጅ ገባ።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ለወንጌል ምሳሌ ምን ይጠቅማል፥ ምንስ ይጐዳል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በሁለት ወገን ነው።

የሚጠቅመው ይህ ነው። የግድግዳ ሥዕል ጊዜን ማሳየት አይችልም፤ ፊልም ግን ይችላል። እንክርዳዱና ስንዴው አንድነት በቅለው፥ አንድነት ለምልመው፥ በመጨረሻ ሲያሸቱ ብቻ ሲለዩ ማሳየት ለፊልም ቀላል ነው። በከተማ ተወልዶ እንክርዳድ አይቶ የማያውቅ ልጅ ባሮቹ ለምን እንንቀለው እንዳሉ፥ ጌታቸውም ለምን እንደ ከለከላቸው በዚህ ያስተውለዋል። ከዚህም በላይ በግድግዳ ሥዕል ክፉው ሰው በአንድ ዐይኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በፊልም ግን አይታወቅም። ጌታ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲናገር ሰሚዎቹ ቍስለኛውን የሚያነሣው ካህኑ ወይም ሌዋዊው ይሆናል ብለው ሲጠብቁ ያልጠበቁት የተናቀው ሳምራዊ ተገኘ። የምሳሌው ኃይል በዚህ መደነቅ ውስጥ ነው። ሁለት ዐይኑ የሚታይ ሳምራዊ በግድግዳ ላይ ያየ ሰው አይደነቅም፤ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ፊልሙን የሚያይ ልጅ ግን በመንገድ የሚመጣው ሰው ደግ ይሁን ክፉ ሳያውቅ ይጠብቃል። በዚህ ረገድ አዲሱ መሣሪያ ወደ ጥንቱ የጌታ ትምህርት ይበልጥ ይቀርባል።

ደግሞም ብዙ አባቶች የሚያስፈራቸውን ነገር ምሳሌ ያስቀርላቸዋል። ቅዱስ ሥዕል ሥርዐት አለው፤ ተጸልዮበት ይከበራል። አንድ ተዋናይ ግን ዛሬ የጌታን ልብስ ለብሶ ነገ በሌላ ፊልም ሰካራም ሆኖ ቢታይ፥ የሕፃናት ልብ በዚያ መልክ ይታወካል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘሪ፥ እረኛ፥ አባት፥ ልጅ፥ ዓሣ አጥማጅ፥ ሙሽራ የሚጠብቁ ደናግል ናቸው። እነዚህን ለማሳየት የጌታን ወይም የቅዱሳንን መልክ መያዝ አያስፈልግም። ስለዚህ ከወንጌል ሁሉ ለዚህ መሣሪያ እጅግ የሚመቸው ምሳሌው ነው።

የሚጐዳው ደግሞ ይህ ነው። የቅኔ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰም ያለ ወርቅ ባዶ ነው። ፊልም ሰሙን እጅግ አሳምሮ ያሳያል፤ ወርቁን ግን ሊያሳይ አይችልም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲተረጕሙ ለቍስለኛ መራራት ይገባል በሚለው ብቻ አይቆሙም። አንድም ብለው ይቀጥላሉ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው ከገነት ወደዚህ ዓለም የወረደው አዳም ነው፤ ወንበዴዎቹ አጋንንት፥ ካህኑና ሌዋዊው ኦሪትና ነቢያት፥ ሳምራዊው ክርስቶስ፥ የእንግዳ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናሮች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። የፊልም ሠሪው ግን አንድ መንገድ፥ አንድ ፊት፥ አንድ ልብስ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አንድም የሚለው ቃል በካሜራ አይቀረጽም።

ሌላም ጕዳት አለ። ምሳሌ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፊልም ግን ትዕግሥትን ያሳጥራል። ዘሪው ሲዘራና ሲያጭድ መካከሉ አንድ ዝናም አንድ መጸው ነው፤ በፊልም አንድ ደቂቃ አይሞላም። በአምስት ደቂቃ መከሩን ያየ ልጅ የራሱ መከር ሲዘገይበት ተስፋ እንዳይቈርጥ ያሰጋል። ደግሞ ጌታ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ባልተፈጸመ ነገር ነው የጨረሰው፤ ታላቁ ልጅ ተቈጥቶ በውጭ ቆሟል፤ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል፤ ይግባ አይግባ ግን በሉቃስ ወንጌል አልተጻፈም። የሚያየውን ሰው ደስ ለማሰኘት የተሠራ ፊልም ግን ነገሩን ሳይፈጽም መተው ስለሚከብደው ሁለቱን ወንድማማች አስታርቆ በዜማ ሊደመድመው ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ከሰሚው ልብ የሚጠየቀው መልስ በፊልሙ ይነጠቃል።

ከዚህ የተነሣ መሣሪያውን መጣል ሳይሆን ሥርዐት ማበጀት ይገባል። መምህሩ ፊልሙን ልጆቹ ሳያዩት አስቀድሞ ብቻውን ይየው፤ ከወንጌሉ የወጣ ነገር ካለበት ይተወው። በጉባኤው መጀመሪያ ምዕራፉ ከወንጌል ይነበብ፤ ቃል ይቅደም፥ ሥዕል ይከተል። ከዚያም ፊልሙ ይታይ፤ ነገር ግን ከፍጻሜው ትንሽ አስቀድሞ ይቁምና «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ተብለው ልጆቹ ይጠየቁ። መልሳቸውን ሰምቶ መምህሩ በአንድምታው ያብራራላቸው፤ ሰሙን ያዩትን ወርቁን ያሳያቸው። ስፍራውም ቅዳሴ የሚደርስበት ቤተ መቅደስ ሳይሆን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሁን። ናዳል በሥዕሉ ላይ ፊደል ጽፎ ከታች ያብራራው፥ የጣና መምህር በመቋሚያው ወደ ግድግዳው ያመለከተው፥ ይህን ለማድረግ ነው፤ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የጎንደር ሠዓልያን እንዳደረጉት ማድረግ ነው። የፈረንጅ አገር ስንዴና የፈረንጅ አገር በግ በሚታይበት ፊልም ፈንታ፥ የእንፍራንዝ ገበሬ በራሱ ማሳ ሲዘራ፥ የጣና ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው መረቡን ሲጎትት፥ እናት መብራቷን አብርታ ቤቷን ጠርጋ የጠፋባትን ብር ስትፈልግ፥ የደብሩ ወጣቶች ሊቀርጹት ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በወጣቶቹ መካከል ቆሞ ይህ ልክ ነው፥ ይህ አይደለም የሚል የመጻሕፍት መምህር ነው። ወጣቱ መቅረጫውን ያውቃል፤ ሊቁ ትርጓሜውን ያውቃል፤ ሁለቱ ተለያይተው ከሠሩ አንደኛው ወርቅ የሌለው ሰም፥ ሁለተኛው የሚሰማው ያጣ ወርቅ ይሆናል።

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ምእመናን ስለ ደብራቸው ያለፈ ዘመን እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ የሚመጣውንም ዘመን ማሰብ ይገባቸዋል። ኢዮቤልዩ በኦሪት የራቀ ሁሉ ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነውና። የዛሬ ወጣት ከአባቶቹ ትምህርት የራቀ መስሎ በእጅ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ይታያል፤ ምናልባትም በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ የሚያየው የአባቱን ቤት ምሳሌ ሊሆን ይችላል። በቤት የኖረው ታላቅ ወንድም ግን ዜማውንና የደስታውን ድምፅ ሰምቶ ይህ ምንድን ነው ብሎ በውጭ ቆሞ እንዳይቀር ያስፈልጋል። በዚያ ምሳሌ አባት የወጣው ለታናሹ ብቻ አይደለም፤ ለታላቁም ወጥቷል። ሁለቱም በአንድ ማዕድ ቢቀመጡ የአባቱ ደስታ ፍጹም ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።